ለአሮጌው ላንድክሩዘር ምን ዓይነት ቱርቦ ይሻላል?

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ቱርቦ ሲጽፍ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ወንድሞቻችን እንደሚስቁ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ነገሩ እቤታችን ድረስ ስለ መጣ ዝም ብዬ ማለፍ አልተቻለኝም። በክረምቱ ዕረፍት አጎቴን ልጠይቅ ብሄድ አሮጌው ላንድክሩዘራቸው ቴስታታው ወርዶ ግቢ ውስጥ ቆሞ አገኘሁት። ከስድስቱ ፒስተኖች የአንዱ አናት ቀልጦ አይጥ የበላው ዳቦ መስሏል። አጎቴ በዚህች መኪና ሰውና ዕቃ እያመላለሱ አምስት ልጆች አሳድገዋል። የዓባይን ሸለቆ አቀበት እየተንፏቀቁ መውጣት ቢሰለቻቸው «ቱርቦ አስገባባት» የሚል ምክር ሰሙ፤ ያጠራቀሙትንም ለአንድ ጋራዥ ከፈሉ። መኪናይቱ ሦስት ወር በረረች፤ በአራተኛው ቆመች። ሌላ እንዳይገዙ ዋጋው አይቀመስም፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። እንግዲህ ያለችውን ማዳን ግድ ነው። ስሕተቱ የቱ ላይ እንደ ነበረ ለማወቅ ስጠይቅና ሳነብ የከረምሁትን እነሆ አቀርባለሁ፤ ከእናንተም መካከል እንዲህ ያለ መኪና የሚያሳድረው ቤተሰብ ያለው ብዙ ነውና።

የናፍጣ ሞተር የሚስበው አየር ብቻ ነው። አየሩን ሲጨምቀው ይግላል፤ በጋለው አየር ላይ ፖምፓው ናፍጣ ይረጭበታል፤ ያን ጊዜ ይቃጠላል። ጉልበቱ የሚገኘው ከናፍጣው ነው፤ ነገር ግን ምን ያህል ናፍጣ በደንብ እንደሚቃጠል የሚወስነው አየሩ ነው። አየሩ አንሶ ናፍጣው ከበዛ፣ አቀበት ላይ ከኋላችን የምናየው ጥቁር ጭስ ይወጣል። ቱርቦ ማለት እንግዲህ የአንጥረኛ ወናፍ ነው። በአንድ ዘንግ ላይ ሁለት መዘውሮች አሉት፤ አንደኛውን የሞተሩ ጭስ ያሽከረክረዋል፣ ሁለተኛው አብሮ እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ ይገፋል። ሐሳቡን በ1905 እ.ኤ.አ. በፓተንት ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡኺ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ነበር። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል፤ የሚንሳፈፈውም በስሱ የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ሾፌሮች ከረጅም ጉዞ በኋላ ሞተሩን ወዲያው ሳያጠፉ ጥቂት የሚያቆዩት ዘይቱ ዘንጉን እንዲያቀዘቅዘው ነው።

ለመምረጥ ሲነሡ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የቱ ቱርቦ ጥሩ ነው?» ሳይሆን «ሞተሩ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። በአገራችን በብዛት የሚታየው የላንድክሩዘር ሞተር ቶዮታ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሠራው 1ኤችዜድ ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ያለ ቱርቦ የተሠራ፣ እንደ በቅሎ ቻይ የሆነ ሞተር ነው። በዚያው ዘመን የወጣ 1ኤችዲ-ቲ የሚባል ወንድም አለው፤ እሱ ግን ከፋብሪካው ጀምሮ ሲቲ26 የተባለ ቱርቦ ነበረው። ሁለቱ በመጠን እኩል ቢሆኑም ጠባያቸው ሌላ ነው። 1ኤችዜድ አየሩን ከ22 እጥፍ በላይ ይጨምቃል፣ ናፍጣውንም የሚያቃጥለው በቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል አስጀምሮ ነው። 1ኤችዲ-ቲ የሚጨምቀው 18.6 እጥፍ ሲሆን ናፍጣው በቀጥታ ፒስተኑ ላይ ይረጫል፤ ፒስተኑም ለዚያ ሙቀት የተሰናዳ ነው። ስለዚህ 1ኤችዲ-ቲ ያለው ሰው ቱርቦውን ከፍ ወዳለ ቢለውጥ አያስደነግጥም፤ ብቻ ቀደም ብለው የተሠሩት የቢየላ ኩሽኔታቸው ደካማ ስለ ነበረ አስቀድሞ ይታይ። 1ኤችዜድ ያለው ሰው ግን ያልለመደ ሞተር ላይ ጭነት እየጫነ መሆኑን አይርሳ፤ ያለ ልክ ሲገፋ ቴስታታው በዚያችው ክፍል አጠገብ ይሰነጠቃል። የአጎቴ መኪና 1ኤችዜድ ነበረች።

ቀጥሎ የመጠን ጉዳይ ይመጣል። ትንሽ ወናፍ ቶሎ ይነፋል፣ ግን ቶሎ ያልቅበታል፤ ሞተሩ ሲፈጥን ጭሱን አፍኖ ይይዘዋል። ትልቅ ወናፍ ብዙ ይሰጣል፣ ግን እስኪነሣ ድረስ ሞተሩ ባዶውን ይለፋል። ለከተማ ጎረምሳ ትልቁ ደስ ይለው ይሆናል፤ ተጭኖ አቀበት ለሚወጣ መኪና የሚያስፈልገው ግን ሞተሩ በደቂቃ ከ1,500 እስከ 3,000 ዙር ባለው መካከል ደኅና የሚነፋ ነው። በዚህ ረገድ የመዘውሩ ስፋት ብቻ አይበቃም፤ ጭሱ የሚገባበት ቤት ጉሮሮም ይታያል፤ ጠበብ ያለው ቶሎ ያስነሣል፣ ሰፋ ያለው ለፍጥነት ይመቻል። ጋሬት፣ ሚትሱቢሺና ሆልሴትን የመሳሰሉት አምራቾች ለቱርቦዎቻቸው የአየር ካርታ ያዘጋጃሉ። በአግድም የአየሩ ብዛት፣ በቁም የግፊቱ እጥፍ ተመልክቷል፤ በግራ ዳር አየሩ ወደ ኋላ የሚመለስበት፣ በቀኝ ዳር የሚታነቅበት ወሰን አለ፤ ሥራው ከሁለቱ መካከል እንዲውል ይፈለጋል።

አሁን ለእኛ አገር ዋና ወደ ሆነው ነገር ልምጣ። በባሕር ወለል የአየር ግፊት 1 ባር ገደማ ነው፤ በአዲስ አበባ ግን 0.76 ባር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከሚገባው አየር ሩብ ያህሉን ከመነሻው አጥቶታል። የ4.2 ሊትር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር 5,500 ሊትር ያህል አየር ይውጣል። ይህ በጅቡቲ ወደብ ስድስት ኪሎ ተኩል ግድም ይመዝናል፤ በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ። ቱርቦ አግብተን ሰዓቱ 0.7 ባር ቢያሳይ፣ በወደቡ ግፊቱ 1.7 እጥፍ ሆነ ማለት ነው፤ እዚህ ግን 0.76 ላይ 0.7 ሲጨመር 1.9 እጥፍ ይሆናል። ሰዓቱ አንድ ዓይነት ቁጥር እያሳየ ቱርቦው እዚህ አብልጦ ይለፋል፣ አብልጦ ይፈጥናል፣ አየሩንም አብልጦ ያግላል። የላንድክሩዘር ምክር አብዛኛው የሚመጣው ከአውስትራሊያ ነው፤ እዚያ ደግሞ ብዙው ሰው የሚኖረው በባሕር ዳርቻ ነው። የእነሱን ቁጥር እንዳለ ገልብጦ ጣርማ በር ላይ መውጣት አያዋጣም።

ሌላው የሙቀት ነገር ነው። ከላይ ባልነው ግፊት የውጩ አየር 20 ዲግሪ ቢሆን ከቱርቦው ሲወጣ ከ100 ዲግሪ ያልፋል። የጋለ አየር ስስ ነው፤ ሞተሩ የሚያገኘው 7.4 ኪሎ ያህል ነው። ኢንተርኩለር የተባለው ማቀዝቀዣ ገብቶ ወደ 60 ዲግሪ ቢያወርደው ግን 8.4 ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ ገንዘቡ ለትልቅ ቱርቦ ወይስ ለመካከለኛ ቱርቦና ለኢንተርኩለር ቢባል፣ እኔ ያለ ማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ጋራዡ ያደረገው ምን ነበር? ለሌላ ሞተር የተሠራ ትልቅ ቱርቦ ገጠመ፤ ከዚያም ጉልበት እንዲታይ የፖምፓውን ቡሎን ፈትቶ ናፍጣውን አበዛ። በ1ኤችዲ-ቲ ፖምፓ ላይ የቱርቦውን ግፊት እያየ፣ አየሩ ከደረሰ በኋላ ብቻ ናፍጣ የሚጨምር መሣሪያ አለ፤ 1ኤችዜድ ያለ ቱርቦ ስለ ተሠራ ይህ የለውም። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ መኪናይቱ ተጭናለች፣ ሞተሩ ዝግ ይላል፣ ትልቁ ቱርቦ አልተነሣም፤ ናፍጣው ግን ይጎርፋል። በነዳጅ መብዛት የቤንዚን ሞተር ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ የናፍጣ ሞተር ግን ይነዳል። ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ በዚህ ዓይነት የተወጣ አሉሚኒየም ቢቀልጥ ምን ይገርማል? አጎቴም የውሃውን ሙቀት ብቻ እያዩ ይነዱ ነበር፤ ውሃው ደግሞ የሚናገረው ዘግይቶ ነው። የጭሱን ሙቀት ከቱርቦው በፊት የሚለካ ሰዓት ቢኖር፣ ወደ 700 ዲግሪ ሲጠጋ እግራቸውን ከነዳጁ አንሥተው ማርሽ ይቀንሱ ነበር። ያ ሰዓት ከቱርቦው ዋጋ ትንሹ ክፋይ ነው፤ ለእኔ ከቱርቦው በፊት የሚገዛውም እሱ ነው።

አጎቴ አሁን ሞተሩን እያሠሩ ነው። በሁለተኛው ዙር ያሰቡት ትንሽ ቱርቦ፣ ከ0.5 ባር የማያልፍ ግፊት፣ ኢንተርኩለርና የጭስ ሙቀት ሰዓት ነው፤ ናፍጣውም ጭስ እስኪጠፋ ድረስ ተቀንሶ ይስተካከላል። መብረሩ ቀርቶባቸዋል። ትልቁን ቱርቦ ለመሸጥ አውጥተውት ነበርና ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ገንዘብ ይዞ መጣ። አጎቴ «ሞተርህ ምንድን ነው?» አሉት። «1ኤችዜድ» አለ። ቡና አስፈሉለትና የቀለጠውን ፒስተን አምጥተው እፊቱ አስቀመጡት፤ ቱርቦውም እስከ ዛሬ ጓዳ ውስጥ ነው።