ታንኳ ውሃ ገባባት አይባልም

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከውጭ አገር የመጡ የአክስቴ ልጆች አሰላ እኛ ቤት ሰነበቱ። የጭላሎን ተራራ አሳይቼ ላስደስታቸው ብዬ ነበር፤ እነሱ ግን ልባቸው ቁልቁል፣ ወደ ሐይቆቹ ነው። አንድ ማታ ቡና ላይ ታላቅየው ስልኩን አውጥቶ የሁለት ጀልባዎች ፎቶ አሳየኝ። «ጋሼ፣ አንተ ሐይቅ ለሐይቅ ስትዞር ነው የኖርከው። ላንጋኖ ላይ ከጓደኞቻችን ጋር በውሃ ላይ ሰሌዳ ልንጫወት ነው፤ ውዷን እናስመጣ ወይስ ርካሿን?» አለኝ።

ጥያቄው ጥሩ ነው። እኔ ግን ልቤ ያለው በፎቶው ውስጥ በሌለች ሦስተኛ ጀልባ ላይ ስለሆነ፣ የሁለቱን ባጭሩ ተናግሬ ወደ እሷ እሄዳለሁ።

ውዷ ጀልባ ማዕበል ለመሥራት ብቻ የተሠራች ናት። ሌላ ጀልባ የሚሠራ ሰው ውሃውን በትንሹ አውኮ ለማለፍ ይደክማል፤ የእሷ ሠሪዎች የሚደክሙት ውሃውን በደንብ ለማወክ ነው። ማስተርክራፍት፣ ናውቲክና ማሊቡ የታወቁት ስሞች ናቸው። በሆዷ ያሉት ታንከሮች የሐይቁን ውሃ በፓምፕ እየሳቡ ይሞላሉ፤ ከ1,500 ኪሎ በላይ ውሃ የምትሸከም አለች። ያ ሁሉ ክብደት ኋላዋን ይጫነዋል። ከኋላዋ ግራና ቀኝ የሚዘረጉና የሚታጠፉ ሰሌዳዎች ደግሞ ውሃውን ወደ አንድ ጎን እየገፉ ማዕበሉን ያሾሉታል። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄድ ተጫዋቹ ገመዱን ይለቅና ማዕበሉ ብቻ እየገፋው በሰሌዳው ላይ ይንሸራተታል። ፕሮፔለሯ ከሆዷ ሥር ገባ ብሎ የተተከለው ለዚሁ ሲባል ነው፤ ሰው ከኋላዋ ቢወድቅ ስለቱ አጠገቡ አይደለም። ዋጋዋ በቀላሉ ከ200 ሺህ ዶላር ያልፋል።

ርካሽ የሚባሉትም እንደየደረጃቸው ናቸው። ማሊቡ ራሱ አክሲስ የምትባል ቀለል ያለች ጀልባ ይሠራል፤ ሱፕራን የሚሠራው ድርጅትም ሙምባን ይሠራል። ቅርጹም ሐሳቡም ያው ሆኖ የሚቀነሰው ስክሪኑ፣ ወንበሩና ጌጡ ነው። አሮጌ የውሃ ላይ ሸርተቴ ጀልባ ገዝተው ትልልቅ ከረጢት ውሃ እየሞሉ የሚጭኑባትም አሉ፤ ማዕበል የሚሠራው ክብደትና የጀልባዋ ቅርጽ እንጂ የወንበሩ ቆዳ ስላልሆነ ይሠራላቸዋል። ከሁሉም በታች ሞተሩ ከኋላ የተንጠለጠለባት የአሉሚኒየም ወይም የፋይበርግላስ ጀልባ አለች። የአክስቴ ልጆች ሁለተኛ ፎቶ ይቺ ነበረች። ረጅም ገመድ ይዞ ራቅ ብሎ ለሚጎተት ሰው ትበቃለች። ከኋላዋ ተጠግቶ ያለ ገመድ መንሸራተት ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ፕሮፔለሩ እዚያው ሰውየው እግር ሥር ነው። ይህን ደጋግሜ የምናገረው፣ በቪዲዮ ያዩትን በማንኛውም ጀልባ ኋላ የሚሞክሩ ወጣቶች ስላየሁ ነው።

ለልጆቹ የሰጠሁት መልስ ግን ሌላ ነው፤ ከዋጋው በፊት ውሃው ይጠየቃል። ላንጋኖ ቡናማ ነው፣ ውሃው ውስጥ የተንሳፈፈ ደቃቅ ሸክላ አለው፤ ጥልቀቱ ግን እስከ 47 ሜትር ይደርሳል። ጎረቤቱ ዝዋይ በስፋት ይበልጠዋል፣ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ግን በአማካይ 2.5 ሜትር ቢሆን ነው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የውሃ ምርምር ቤተ ሙከራ እንዲህ ዓይነት ማዕበል ሠሪ ጀልባዎችን በሐይቅ ላይ ለክቶ ነበር። ማዕበላቸው እንደ ተራ ጀልባ ማዕበል እስኪለዝብ ድረስ ከዳር 150 ሜትር እንዲርቁ፣ ፕሮፔለሩ የሐይቁን ወለል እንዳያምስ ደግሞ ከ6 ሜትር ያላነሰ ጥልቀት ላይ እንዲነዱ መከረ። እንግዲህ ዝዋይ ላይ ያቺን ባለ 200 ሺህ ዶላር ጀልባ የት ታስኬዳታለህ?

በማግስቱ ከአሰላ በኦጎልቾና በአቡራ አድርገን ወደ ዝዋይ ወረድን። መንገዱ ስምንት መቶ ሜትር ያህል ቁልቁል ነው፤ ስንዴው ያልቅና ግራሩ ይጀምራል። አቡራ ላይ የካታርን ወንዝ አሳየኋቸው። እኛ አሰላ ላይ ጣራችን ላይ የምንሰማው ዝናብ፣ የጭላሎና የገለማ ተራሮች ውሃ፣ በካታር በኩል ነው ዝዋይ የሚገባው። ለዚህ ይመስለኛል ያንን ሐይቅ እንደ ግቢያችን የማየው።

ዳር ላይ አንድ አረጋዊ ዓሣ አጥማጅ የደንገል ታንኳቸውን ወደ ሐይቁ ሊያስገቡ ነበር። ሰላምታ ተለዋውጠን፣ ልጆቹ ትንሽ እንዲቀዝፉ ፈቀዱላቸው። ታናሽየው ተቀምጦ ገና ሁለቴ ሳይቀዝፍ ሱሪው ራሰ። «ውሃ ገባባት! ልትሰምጥ ነው!» ብሎ ጮኸ። ሰውየው ከዳር ሆነው፣ «ልጄ፣ ታንኳ ውሃ ገባባት አይባልም። ውሃ ጠጣች ነው የሚባለው። እሷ ደግሞ ገና አልጠጣችም፤ ቀጥል» አሉት።

ስለ ታንኳ ከሰማሁት ሁሉ ይህን የሚያህል ትክክለኛ ነገር የለም።

ታንኳን የሚንቅ ሰው የሚንቃት ጀልባ ስለምትመስለው ነው። የእንጨት፣ የብረትና የፋይበርግላስ ጀልባ በመሠረቱ ጎድጓዳ ሳህን ናት፤ የምትንሳፈፈው ውሃውን ከውጭ ስላስቀረችው ነው። ሳህኑ ከተቀደደ ወይም ማዕበል ከሞላው ነገሩ አበቃ። ታንኳ ግን የምትከለክለው ውሃ የላትም። ውሃው በአገዳዎቹ መካከል ይገባል፣ ይወጣል፤ የተቀመጠውን ሰው ያረጥባል እንጂ እሷን አያሰምጣትም። የሚያንሳፍፋት አየር ያለው በእያንዳንዱ አገዳ ውስጥ ነው። ደንገል ስትሰብረው ታየዋለህ፤ ሦስት ማዕዘን ያለው አረንጓዴ ልጣጭ፣ ውስጡ ነጭ ስፖንጅ የመሰለ ገለባ፣ ገለባው ሁሉ ቁጥር ስፍር በሌላቸው አየር በያዙ ጥቃቅን ጉድጓዶች የተሞላ። ብዙ መቶ አገዳ ያሰረ ሰው ብዙ መቶ የተዘጋ ጠርሙስ እንዳሰረ ቁጠረው። አንዱ ቢሰበር ሌላው አለ።

እንግዲህ ታንኳን የሚገድላት ቀዳዳ ሳይሆን ጊዜ ነው። ገለባው ቀስ እያለ ውሃ ይመጥጣል፤ ታንኳዋ ትከብዳለች፤ ዝቅ ትላለች፤ በመጨረሻም ደንገሉ መበስበስ ይጀምራል። ለዚህ ነው አጥማጁ ማታ ማታ ጎትቶ አውጥቶ፣ ቀጥ አድርጎ አቁሞ የሚያደርቃት። በደንብ የተያዘች ታንኳ ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ታገለግላለች፤ ስታረጅም ሌላ ትታሰራለች። ውሃ ላይ ጥለዋት አድረው «ታንኳ ዕድሜ የላትም» የሚሉ ሰዎች ቅር ያሰኙኛል። በቅሎውን ሳያበላ አድሮ ደካማ ናት እንደሚል ሰው ናቸው።

ሊቃውንትም በዚህ ተሳስተዋል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ልሻገር ብሎ ሲነሳ፣ ደንገል ባሕር ላይ ሁለት ሳምንት እንኳ አይቆይም ብለውት ነበር። እነሱ የፈተሹት ቁርጥራጭ ደንገል ውሃ ውስጥ ነክረው ነው። አገዳው ግን ውሃውን በዋነኛነት የሚጠጣው በተቆረጠው ጫፉ በኩል ነው፤ ጫፉ ተጠብቆ ከታሰረ በልጣጩ በኩል እምብዛም አይገባም። ይህን ታንኳ የሚያስር ሰው ሁሉ በእጁ ያውቀዋል።

ሄየርዳል ደንገሉን ያስቆረጠው ከየት መሰላችሁ? ከእኛው ጣና። ወደ ግብፅ ተጭኖ ሄደና በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ፣ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ሠሪዎች ታሰረ። «ራ» የተባለችው ጀልባ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሳች፤ ሁለት ሳምንት አይቆይም የተባለው የጣና ደንገል ስምንት ሳምንት ሙሉ በውቅያኖስ ላይ ቆየ። ባርቤዶስ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ጀልባዋን ለቀው ወጡ። ይህችን ታሪክ የሚያውቁ ብዙ ሰዎች «አየህ፣ ደንገሉ አልቻለም» ይላሉ፤ የለም፣ ደንገሉ ችሏል። ጥፋቱ የገመድ ነው። በጥንት ግብፃውያን ሥዕል ላይ ወደ ላይ ከታጠፈው የኋላ ጅራት ወደ ጀልባዋ ወለል የሚወርድ አንድ ገመድ ይታያል። እነ ሄየርዳል ጅራቱን ለጌጥ የቀሰረ ስለመሰላቸው ገመዱን አላስፈላጊ ነው ብለው ተዉት። ሥራው ግን እንደ ሞላ ነበር፤ ማዕበል ሲመጣ ኋላዋ እንዲለመጥ፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ ተመልሶ እንዲነሳ ያደርጋል። ገመዱ ሲቀር ኋላዋ እየተጫነ ወደ ውሃው ገባ፣ ከዚያ ጎኗ ተፈታ። በማግስቱ ዓመት፣ 1970 ላይ፣ ያው የኢትዮጵያ ደንገል ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ በመጡ የአይማራ ሠሪዎች እጅ ታስሮ «ራ ሁለት» ሆነ፤ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባ።

ጣና ላይ ይህን እውቀት ከሁሉም በላይ ጠብቀው ያቆዩት ነገደ ወይጦ ናቸው። ደንገሉን ቆርጠው ፀሐይ ላይ ያጠወልጉታል፣ በልጥ ወይም በገመድ ጠፍረው ያስሩታል፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ ይቀስሩታል። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ገበያ እንጨት ጭና የምትመጣ ታንኳ ጎኗ ከውሃው ጋር ተስተካክሎ ሳያት አሁንም ቆሜ አያለሁ። የቀዛፊው መቅዘፊያ ብዙ ጊዜ ረጅም ሸንበቆ ብቻ ነው። ደንገሉ የሚበቅልበት ረግረግ ለእርሻ ሲታረስ ግን ታንኳም አብራ ትታረሳለች፤ አሁን ብዙ ቦታ የሆነው ይኸው ነው።

ሞተር ጀልባን እንደ ጠላት የማይ ሰው አይደለሁም። የታመመ ሰው ከደሴት የምታወጣ እሷ ናት። ግን አቅሟን የሚያህል ጥንቃቄ ትፈልጋለች። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሞተር ያላቸው የአጥማጅ ጀልባዎችና ዘመናዊ መረብ ሲገቡ፣ ታንኳ የማትደርስበት ሩቅ የወንዝ አፍ ድረስ መሄድ ተቻለ። ዓሣዎቹ እንቁላል ሊጥሉ የሚሰበሰቡት ደግሞ እዚያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጣና ላይ ብቻ የሚገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በእጅጉ ተመናመኑ። ታንኳ ቀዛፊው ክንዱ እስከቻለለት ብቻ ነበር የሚያጠምደው፤ ያ ለሐይቁ ጥበቃ ነበር።

ማዕበሉም እንደዚያው ነው። የማዕበል ቁመት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ «ትንሽ ከፍ ያለ ማዕበል ነው» የሚባል ነገር የለም። ዳር ሲደርስ የሚመታው አፈሩንና ደንገሉን ነው፤ ደንገሉ ሥር የተጠለለውን የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት ነው። አንድ ጊዜ በታንኳ ላይ ሆኜ አንድ ፈጣን ጀልባ አጠገባችን በርሮ አልፎ ያውቃል። ታንኳዋ እንደ እባብ ተለምጣ ማዕበሉን በላዩ አለፈችው፤ ከእኛ ራቅ ብላ የነበረች የእንጨት ጀልባ ግን ግማሽ ድረስ ውሃ ሞላት፣ በባልዲ ሲቀዱላት አረፈዱ። ነጂው ዞሮ እንኳ አላየም። ሞተር የያዘ ሰው ታንኳ ሲያይ ከሩቅ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት፤ አጠገቧ ደርሶ ድንገት ፍጥነት መቀነስም ስህተት ነው፣ የኋላው ማዕበል ያን ጊዜ ይበልጥ ያድጋል።

ታንኳ ላይ የምትሳፈሩም ጥቂት ስሙኝ። መሐል ተቀመጡ፣ አትቁሙ፤ ፎቶ ለማንሳት ሁላችሁም ወደ አንድ ጎን አትዘንበሉ። እሷ አትሰምጥም፣ እናንተ ግን ትገለበጣላችሁ፤ ስለዚህ ላይፍ ጃኬት ልበሱ። ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት በኋላ ዝዋይ ላይ ነፋስ ይነሳል።

የአክስቴ ልጆች በመጨረሻ የመረጡት ያገለገለች የአሉሚኒየም ጀልባ ነው፤ ላንጋኖ ላይ፣ ከዳር ርቀው፣ በረጅም ገመድ ሊጎተቱባት። ዝዋይ ላይ የዋሉት ግን በታንኳ ነው። ታናሽየው እስከ ቀትር ቀዘፈ፤ ከኋላው ውሃው ወዲያው እየተዘጋ፣ የዳሩ ሽመላ እንኳ ቦታዋን ሳትለቅ። ሲመለስ ሽማግሌው ታንኳዋን ከውሃ እንዲያወጣ አገዙት። ከብዳው ስለነበር፣ «አሁን ጠጣች?» ብሎ ጠየቃቸው። «ትንሽ» አሉና ከግራሩ ጋር አስደግፈው አቆሟት። ከሥሯ ውሃው እየተንጠባጠበ ቀስ ብሎ ወደ ሐይቁ ይመለስ ነበር።