«ጠባዩ ነው» የተባለው ሰው

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የልጃቸው ነገር አስጨንቋቸው እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ማዕከሉ የታሰበው ለሕፃናት ነበር። የዚያን ጊዜ ሕፃናት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ከእነሱ በፊት የተወለዱትማ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ በአሰላም ሆነ በአርሲ ገጠር፣ ኦቲዝም የሚባል ስም ሳይሰሙ አደጉ። ሰፈሩ «ዝምተኛው» ይላቸዋል። ሲከፋቸውም «ጠባዩ ነው» ተብለው ይታለፋሉ።

ይህ አባባል ያሳዝነኛል፤ ሁለት ነገሮችን ያምታታልና። ኦቲዝም ከልጅነት የሚጀምር፣ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ የአእምሮ አፈጣጠር ነው። ድባቴና ጭንቀት ግን በላዩ የሚመጡ፣ የሚታከሙ ሕመሞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ኦቲዝም ካላቸው ጎልማሶች 27 ከመቶው የጭንቀት፣ 23 ከመቶው የድባቴ ሕመም እንዳለባቸው ገምቷል።

ለምን በዛ? ለቅሶ ቤትን እናስብ። ድንኳኑ ሞልቷል፣ ሙሾው ይሰማል፣ የማያውቁት ሰው አቅፎ ይስማል። የቡናው ጭስና የስኒው ኳኳታ፣ የሦስት ሰው ወሬ በአንድ ጊዜ። ድምፅና ንክኪ ከሌላው ሰው አብልጦ ለሚሰማው ሰው ይህ ሥቃይ ነው። ያም ሆኖ ነውር እንዳይሆንበት ይቀመጣል፤ ስንቴ «እንዴት ናችሁ» እንደሚባል፣ መቼ አንገት እንደሚደፋ በልቡ እየቆጠረ። እንዲህ ራስን ሸፍኖ መኖር እንግሊዝ ውስጥ በተደረገ ጥናት ራስን ከማጥፋት ሐሳብ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። «ነገ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ድረስ» የሚል ዘመድ ትልቅ ሸክም ያነሳለታል።

ሕመሙን ለይቶ ማወቁም ቀላል አይደለም። ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች ግማሽ የሚሆኑት የገዛ ስሜታቸውን በስም መጥራት ይቸግራቸዋል። እኛ ደግሞ ሰምና ወርቅ የለመድን ነን፤ በኦሮምኛውም ያለ መማክሳ፣ ማለትም ያለ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ጨዋታ አይደምቅም። «ሆድ ብሶሃል ወይ?» ሲባል፣ ቃሉን እንዳለ የሚወስድ ሰው «ሆዴን አላመመኝም» ብሎ በቅንነት ይመልሳል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለድባቴና ለጭንቀት የሚሰጣቸው የንግግር ሕክምና ግልጽ፣ በጽሑፍ የተደገፈና ከዘይቤ የራቀ እንዲሆን ይመክራል። እንግዲህ ጥያቄው «ትናንት ስንት ሰዓት ተኛህ? ምሳ በላህ?» ቢሆን ይሻላል።

ድባቴውን ለመለየት ከሁሉ በላይ ግን የሚወደውን ነገር ልብ ይሏል። አርሲ የሯጮች አገር ነው፤ የኃይሌንና የቀነኒሳን ሰዓት በሙሉ በቃሉ የያዘ፣ እ.ኤ.አ. የ2005ቱን የቀነኒሳን የብራሰልስ ሩጫ «26:17.53» ብሎ የሚጀምር ወንድም ያለው ቤት አይጠፋም። ያ ወንድም ሳምንታት አልፈው አንድም ሰዓት ካላነሳ፣ እንቅልፉም ከተዛባ፣ አብሮት ወደ አሰላ ሆስፒታል የሚሄደው ሰው ለሐኪሙ መጀመሪያ መናገር ያለበት ይህንኑ ነው፤ ከመቼ ጀምሮ ዝም እንዳለ።