ማዕሙል፦ ቅርጹ ውስጡን የሚናገር ብስኩት

በበዓል ሰሞን ደማስቆ ወይም ቤይሩት ውስጥ ሰው ቤት የገባ እንግዳ ከሻይ ወይም ከቡና ጋር አንድ ትሪ ብስኩት ይቀርብለታል። ነገሩን የሚያውቅ እንግዳ ውስጡ ምን እንዳለ አይጠይቅም፤ ቅርጹን አይቶ ያነሣል። እንደ ጉልላት ክብ የሆነው ዋልነት አለበት፤ ሞላላው አረንጓዴውን ፒስታቺዮ ይዟል፤ ጠፍጠፍ ያለው በቴምር የተሞላ ነው። ይህ የአካባቢው የቆየ ልማድ ነው።

ብስኩቱ ማዕሙል ይባላል። ስሙ «ሠራ» ከሚለው የዓረብኛ ግሥ የወጣ ሲሆን «የተሠራ» ማለት ነው። በሶርያ፣ በሊባኖስ፣ በፍልስጤምና በዮርዳኖስ ሙስሊሞች ለዒድ፣ ክርስቲያኖች ለፋሲካ ይጋግሩታል፤ የሶርያ አይሁድ ደግሞ ለፑሪም። ክርስቲያኖቹ በሕማማት ሳምንት ያዘጋጁታል፤ ቅቤ ስላለበት ግን ጾሙ እስኪፈታ አይቀመስም።

ሊጡ የሚሠራው ከሴሞሊና ነው፤ ይኸውም ፓስታ ከሚሠራበት ከጠንካራው ስንዴ የሚወጣ ሸካራ ዱቄት ነው። ለ1 ኪሎ ሴሞሊና ግማሽ ኪሎ ገደማ የቀለጠ ቅቤ ይገባል። ዱቄቱና ቅቤው በመዳፍ መካከል በደንብ ይታሻሉ፤ ከዚያ ተሸፍኖ ያድራል። የሙያው ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። የሴሞሊና ቅንጣት ደረቅና ጠጣር ስለሆነ ቅቤውን ቀስ እያለ ይጠጣል፤ ሳያድር የተጋገረ ማዕሙል ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል፤ ያደረው ግን አፍ ውስጥ ይፈርሳል። በማግስቱ የጽጌረዳና የብርቱካን አበባ ውሃ ጠብ ጠብ ይደረግበታል። ከዱር ቼሪ ዘር የሚፈጨው ማሕለብና መስቲካ የሚባለው የዛፍ ሙጫም መዓዛ ይሰጡታል። ስኳር በሊጡ ውስጥ ጥቂት ነው፤ ጭራሽ የማይጨምሩም አሉ።

ዋልነቱና ፒስታቺዮው ተከትክተው በስኳርና በጽጌረዳ ውሃ ይለወሳሉ። ቴምሩ ፍሬው ወጥቶ በቅቤ ይለነቀጣል፤ ራሱ ጣፋጭ ስለሆነ ሌላ ስኳር አይሻም። ጋጋሪዋ ከሊጡ ትንሽ ቆንጥራ ታድቦለቡላለች፤ በጣቷ መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ ትሞላና አፉን ትዘጋዋለች። ከዚያ ጌጥ በተፈለፈለበት፣ እጀታ ባለው የእንጨት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ትጫነዋለች፤ እንጨቱን ገልብጣ ጠርዙን ጠረጴዛ ላይ ስትመታው ብስኩቱ ከነጌጡ ይወድቃል። እንጨቱ የሌላት በትንሽ መቆንጠጫ ጀርባውን እየቆነጠጠች ታስጌጠዋለች። ጌጡ ሥራም አለው፤ መጨረሻ ላይ የሚነሰነሰውን ዱቄት ስኳር የሚይዘው ስርጉዱ ነው። የቴምሩ አብዛኛውን ጊዜ ስኳር አይነሰነስበትም።

መጋገሩ አጭር ነው፤ በ200 ዲግሪ ገደማ በሚነድ ምድጃ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ታቹ ወርቃማ ሲሆን ላዩ ነጣ ብሎ መቅረት አለበት። ትኩሱን ያነሣ ሰው ይሰብረዋል፤ ስለዚህ እዚያው ትሪው ላይ ይቀዘቅዛል።

በመቶ የሚቆጠር ማዕሙል አንድ በአንድ መሙላት የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። እናት፣ ልጆች፣ አክስቶችና ጎረቤት ተሰብስበው አንዱ ያድቦለቡላል፣ አንዱ ይሞላል፣ አንዱ እንጨቱን ይመታል። በሊባኖስ ቤቶች ከሠሩ እኅቶቻችን መካከልም ይህን ሙያ በእጃቸው የሚያውቁ አሉ።

አገር ቤትም መሞከር ይቻላል። ሴሞሊናና ቴምር ካገኛችሁ ቅመም ያልገባበት የነጠረ ቅቤ አዘጋጁ፤ ኮረሪማና በሶብላ የጽጌረዳውን ሽታ ይውጡታል። ዋልነት ቢጠፋ በቴምሩ ብቻ ጀምሩ። ሊጡን ግን አሳድሩት፤ ሌላው ሁሉ ቢጓደል ይታረማል፣ ያላደረ ሊጥ ግን አይታረምም።