ኮሮጆው ሳይነካ የሚዘረፍ ድምፅ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ምርጫ ተጭበረበረ ሲባል እኛ ኢትዮጵያውያን ቶሎ የሚታየን የኮሮጆ ነገር ነው። ኮሮጆ ተገለበጠ፣ ታዛቢ ተባረረ፣ ካድሬ በምርጫ ጣቢያው በር ላይ ቆመ እንላለን። ያየነውንና የሰማነውን ነውና አይፈረድብንም። ነገር ግን ድምፅ የሚዘረፍበት ሌላ መንገድ አለ። በዚህኛው መንገድ ኮሮጆው አይነካም፤ ታዛቢው አይባረርም፤ ቆጠራውም እስከ መጨረሻዋ ወረቀት ድረስ ትክክል ነው። ውጤቱ ግን መራጩ ከቤቱ ከመውጣቱ ከብዙ ወራት በፊት በአንድ ጠረጴዛ ላይ አልቋል። መሣሪያው ካርታና እርሳስ ነው። ዛሬ ደግሞ እርሳሱን ኮምፒዩተር ተክቶታል።

ብዙዎቻችን ተጠልለን የምንኖርባት አሜሪካ በዚህ ሙያ የታወቀች አገር ናት። ዜግነት ወስደን፣ ተመዝግበን፣ ተሰልፈን ድምፅ እንሰጣለን። ድምፃችን የሚቆጠርበትን የምርጫ ክልል ማን እንደከለለው፣ ለምንስ እንዲያ አጣሞ እንደከለለው ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል?

እስቲ በእድር እንየው

ነገሩን በቀላሉ ለመረዳት 50 አባላት ያሉት አንድ እድር እናስብ። 30ዎቹ «ወርሃዊ መዋጮው ይጨመር» ይላሉ፤ 20ዎቹ «አይጨመር» ይላሉ። አምስት የኮሚቴ አባላት እንዲመረጡ ተወሰነና፣ አባላቱ አሥር አሥር ሆነው በአምስት ጠረጴዛዎች ተቀምጠው እያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ሰው ይምረጥ ተባለ። አሁን ወንበር የሚደለድለውን ሰው ልብ ብላችሁ ተመልከቱት።

ደልዳዩ «ይጨመር» ባይ ከሆነ በየጠረጴዛው ስድስት የራሱን፣ አራት የተቃራኒውን ወገን ሰዎች ያስቀምጣል። በአምስቱም ጠረጴዛ 6 ለ4 ያሸንፋል። ሃያው ሰው አንድ ተወካይ እንኳ ሳያገኝ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ደልዳዩ «አይጨመር» ባይ ከሆነ ደግሞ በሁለት ጠረጴዛዎች ላይ ዘጠኝ ዘጠኝ ተቃራኒዎቹን አንድ ላይ ያጭቃል። በቀሩት ሦስት ጠረጴዛዎች ስድስት ስድስት የራሱን ሰዎች ከአራት አራት ተቃራኒ ጋር ያስቀምጣል። ደምሩት! ሰው አልተጨመረም፤ አልተቀነሰም፤ ሐሳቡን የለወጠም የለም። ነገር ግን ሃያው ሠላሳውን 3 ለ2 አሸነፈ።

እንግዲህ የካርታ ሠሪዎች ጥበብ ከእነዚህ ከሁለቱ አይዘልም፤ አንድም መበተን፣ አንድም ማጨቅ ነው። የእኛ አባቶች «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። ካርታ ሠሪው ይህንን ተረት ከእኛ ይበልጥ ያውቀዋል። ስለዚህም ድሩ ከማበሩ በፊት ይበጥሰዋል።

ከእንሽላሊት እስከ ቱስኪጊ

ይህ ተንኮል ስም ያገኘው በ1812 ነው። በዚያ ዓመት የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ የነበሩት ኤልብሪጅ ጌሪ ፓርቲያቸውን እንዲጠቅም ተደርጎ የተከለለውን የሴኔት ምርጫ ካርታ ፈረሙ። ከክልሎቹ አንዱ እጅግ ከመጠማዘዙ የተነሳ አንድ የቦስተን ጋዜጣ ክንፍና ጥፍር ጨምሮ ሳላማንደር የምትባለውን እንሽላሊት መሰል ፍጥረት አስመስሎ ሳለው። የገዥው ስምና የእንስሳዋ ስም ተዳቅለው «ጄሪማንደር» የሚለው ቃል ተወለደ። ጌሪ ራሳቸው በዚያው ዓመት የገዥነቱን ምርጫ ተሸነፉ። ካርታቸው ግን ሥራውን ሠራ፤ ፓርቲያቸው ከግማሽ ጥቂት ያነሰ ድምፅ አግኝቶ ከ40 የሴኔት ወንበሮች 29ኙን ወሰደ።

ከዚህ የከፋው በአላባማ ግዛት በቱስኪጊ ከተማ የሆነው ነው። ቱስኪጊ ለእኛ እንግዳ ስም አይደለም። ጣልያን በወረረን ጊዜ መጥቶ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል የመራው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን የተማረው እዚያ ነው። በ1957 የግዛቲቱ ምክር ቤት የከተማይቱን ወሰን ለወጠ። አራት ማዕዘን የነበረው ካርታ 28 ጎን ያለው ጠማማ ነገር ሆነ። በለውጡ ምክንያት 400 ያህል ከነበሩት ጥቁር መራጮች አራት ወይም አምስት ሲቀሩ ሌሎቹ በሙሉ ከከተማው ውጪ ሆኑ። ከነጭ መራጮች ግን አንድም የወጣ የለም። ማንም ቤቱን አልቀየረም፤ ወሰኑ ነው በላያቸው ላይ የሄደው። የቱስኪጊ ኢንስቲትዩት መምህር የነበሩት ቻርልስ ጎሚሊየን ከሌሎች ጋር ሆነው ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1960 ያለ አንድ ተቃውሞ ለእነርሱ ፈረደ።

በ1962ና በ1964 በተከታታይ የወጡ ፍርዶች ደግሞ የምርጫ ክልሎች የሕዝብ ቁጥር ተመጣጣኝ መሆን እንዳለበት ደነገጉ። የቴነሲ ግዛት ለምሳሌ ከ1901 ጀምሮ ካርታዋን ሳታድስ 60 ዓመት ቆይታ ነበርና፣ የጥቂት ገበሬዎች ድምፅ የብዙ ከተሜዎችን ያህል ይመዝን ነበር። ይህ ታላቅ ድል ነው። ይሁን እንጂ ከላይ ያየነው የእድር ምሳሌ እንደሚያሳየው፣ በየጠረጴዛው እኩል አሥር አሥር ሰው ማስቀመጥ ብቻውን ተንኮሉን አያስቀርም።

ሜሪላንድ፣ ደጃችን ላይ

ይህ የሌላ ሰው ታሪክ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር ወደ ሜሪላንድ ይምጣ። ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ ብዙ ወገኖቻችን ሱቅ የከፈቱባት፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ያቋቋሙባት፣ ልጆች ያሳደጉባት ናት። በ2011 የግዛቲቱ ዴሞክራቶች ያወጡት ካርታ ሞንጎመሪ ካውንቲን ለሦስት የኮንግረስ ክልሎች ከፋፈላት። 6ኛው ክልል ከዌስት ቨርጂኒያ ድንበር ተራሮች ተነስቶ እስከዚህ ድረስ እንዲዘልቅ ተደረገ። በሕዝብ ቆጠራው መሠረት ከዚያ ክልል መቀነስ የነበረበት 10,000 ያህል ሰው ብቻ ነበር። እነርሱ ግን 360,000 ያህል አስወጥተው 350,000 ያህል አስገቡ። ለ20 ዓመት ኮንግረስ የተቀመጡት ሪፐብሊካኑ ሮስኮ ባርትሌት በ2012 ተሸነፉ። የግዛቲቱ ውክልናም ከ6 ለ2 ወደ 7 ለ1 ተለወጠ። የወቅቱ ገዥ ማርቲን ኦማሊ ለፍርድ ቤት በሰጡት ቃል ዓላማው ዴሞክራት የሚያሸንፍበት ክልል መፍጠር እንደነበር አልካዱም።

ሪፐብሊካኖቹም ከዚህ ንጹሕ አይደሉም። በ2016 በኖርዝ ካሮላይና ካርታውን የመሩት የምክር ቤት አባል 10 ለ3 የሚያሸንፉበትን ካርታ ያቀረቡት 11 ለ2 ማውጣት ይቻላል ብለው ስላላመኑ መሆኑን በአደባባይ ተናግረዋል። ሁለቱ ክርክሮች አንድ ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረቡ። በ2019 ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ለፓርቲ ጥቅም የሚሠራ ካርታ የፖለቲካ ጉዳይ ስለሆነ የፌዴራል ዳኞች አይገቡበትም ሲል ወሰነ። በሩ ተከፈተ ማለት ነው። የግዛት ዳኞች ግን የግዛታቸውን ሕገ መንግሥት ይዘው ሊያግዱ ይችላሉ። በመጋቢት 2022 አንዲት የሜሪላንድ ዳኛ ከ2020 ቆጠራ በኋላ የወጣውን አዲስ የኮንግረስ ካርታ ሽረው ሌላ እንዲሠራ አድርገዋል።

በ2025 ደግሞ ልማዱም ተጣሰ። ካርታ የሚታደሰው በየአሥር ዓመቱ ከቆጠራ በኋላ ነው ሲባል፣ ቴክሳስ አምስት ተጨማሪ የሪፐብሊካን ወንበር ለማግኘት አስባ ቆጠራ ሳትጠብቅ ካርታዋን ለወጠች። ካሊፎርኒያም በኅዳር ወር ሕዝቧን ጠይቃ ለዴሞክራቶች የሚያደላ ካርታ አጸደቀች። «እነርሱ ካደረጉት እኛስ?» የሚለው ክርክር የት እንደሚያደርስ እኛ ከማንም በላይ እናውቃለን።

ጉዳቱ በማን ላይ ነው?

አንባቢ ሆይ፣ ጉዳቱ ለተሸነፈው ፓርቲ ብቻ እንዳይመስልህ። ውጤቱ አስቀድሞ በታወቀበት ክልል የሚወዳደር ሰው የሚፈራው የጠቅላላ ምርጫውን መራጭ ሳይሆን የፓርቲውን የማጣሪያ ምርጫ መራጭ ነው። በሜሪላንድ ደግሞ በማጣሪያው ድምፅ የሚሰጠው በፓርቲው የተመዘገበ ብቻ ነው። እኛ በኅዳር ተሰልፈን ስንመርጥ እውነተኛው ምርጫ ቀደም ብሎ ያለ እኛ አልቋል።

ሁለተኛው ጉዳት እንደ እኛ አዲስ በሆነና ቁጥሩ አነስተኛ በሆነ ማኅበረሰብ ላይ የሚደርሰው ነው። በአንድ ሰፈር ተሰባስበን የምንኖር ሰዎች ለሁለትና ለሦስት ስንከፈል በየትኛውም ክልል የማንቆጠር እንሆናለን። ስለ ታክሲ ፈቃድ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ኢሚግሬሽን ጉዳይ አቤት ስንል እያንዳንዱ ተወካይ ወደ ሌላው ይጠቁመናል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ እንቆጠር። ካርታ የሚሠራው ከሕዝብ ቆጠራ ነው፤ በሕገ መንግሥቱም የሚቆጠረው ዜጋው ብቻ ሳይሆን ነዋሪው ሁሉ ነው። የ2020ው ቅጽ በጥቁሮች መጠይቅ ሥር «ኢትዮጵያዊ» የሚለውን በምሳሌነት አትሞ ነበር። ሳይሞላው የጣለው ስንቱ ይሆን? ቀጣዩ ቆጠራ በ2030 ነው።

ሁለተኛ፣ ካርታው ሲሠራ እንገኝ። የግዛት ምክር ቤት ብቻ አይደለም ወሰን የሚከልለው። የሞንጎመሪ ካውንቲ መራጮች በ2020 የካውንቲው ምክር ቤት ክልሎች ከአምስት ወደ ሰባት እንዲያድጉ ወስነዋል። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ የሕዝብ ስብሰባ ይጠራል። ማንም ነዋሪ ቆሞ «ይህ መንገድና ያ መንገድ አንድ ማኅበረሰብ ነው፣ አትክፈሉን» ለማለት ይችላል። ለዚህ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ አገር ቤትንም እናስብ። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ፣ የምርጫ ቦርድ ሐሳብ አቅርቦ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልሎችን ወሰን በቆጠራው መሠረት እንዲወስን ያዛል። ነገር ግን ከ2007ቱ ቆጠራ በኋላ መደረግ የነበረበት ቆጠራ በ2019 ጭምር ተራዝሟል። ከተሞች አብጠዋል፤ ሕዝብ ተፈናቅሏል። ስለ ኮሮጆና ስለ ታዛቢ የምንጮኸውን ያህል ስለ ቆጠራና ስለ ወሰንም መጠየቅ ይገባናል።

በእድራችን ስብሰባ አርፍዶ የመጣ ሰው በተገኘው ወንበር ይቀመጣል እንጂ ለምን እዚህ አስቀመጣችሁኝ ብሎ አይከራከርም። እኛም ወንበሩ ሲደለደል ካልተገኘን ድምፅ ሲቆጠር ብንጮህ የሚሰማን የለም። ቸር ይግጠመን።