ስድስት ድምፅ በአንድ ቀጭን ገመድ

አምስት ስፒከርና አንድ ቤዝ የያዘ ካርቶን ገዝቶ ቤት ማስገባት ከባድ አይደለም። ከቴሌቪዥኑ ጋር አያይዞ ሁሉንም ማስጮህም እንዲሁ። አስቸጋሪው ከኋላ ያለው ስፒከር የኋላውን፣ ከፊት ያለው የፊቱን ድምፅ ብቻ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። በብዙ ሳሎኖችና ፕሌይስቴሽን ቤቶች ስድስቱም ስፒከሮች እኩል ይጮኻሉ፤ የሚሰማው ግን ያው የግራና የቀኝ ድምፅ በስድስት ቦታ ተባዝቶ ነው። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ዕቃው ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ያለው ግንኙነቱ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ በትንሽ ወጪ ወይም ያለ ምንም ወጪ የሚስተካከል ነገር ስለሆነም ያስቆጫል።

5.1 የሚባለው አሠራር መነሻው ሲኒማ ቤት ነው። አምስቱ መስመሮች የፊት ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ መሀል፣ የኋላ ግራና የኋላ ቀኝ ናቸው። ስድስተኛው ከ120 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ፣ ፍንዳታውንና ነጎድጓዱን ብቻ ይይዛል። ዶልቢ ዲጂታል እ.ኤ.አ. በ1992 “ባትማን ሪተርንስ” ከተባለው ፊልም ጋር ለሕዝብ ሲቀርብ፣ ስድስቱ ድምፆች በፊልሙ ጠርዝ ባሉት ቀዳዳዎች መካከል በጥቃቅን ነጠብጣቦች ታትመው ነበር። በዓመቱ ዲቲኤስ የተባለው ተፎካካሪ “ጁራሲክ ፓርክ”ን ይዞ መጣ፤ እሱ ደግሞ ድምፁን ለብቻው በሲዲ አስቀምጦ ከፊልሙ ጋር እኩል ያስኬደው ነበር። ሁለቱንም ወደ ሳሎናችን ያመጣቸው ዲቪዲ ነው። ዛሬ ስድስቱን ድምፅ በየሰከንዱ እያሰላ የሚልክልን የጌም መጫወቻው ሆኗል፤ እኔ እንደማምነውም የኋላ ስፒከር ዋጋ ከፊልም ይልቅ በጌም ይታወቃል። ፊልም የሚያይ ሰው ከኋላ የመጣውን ድምፅ ሰምቶ ያልፋል፤ ተጫዋቹ ግን ሰምቶ መዞር አለበት።

ገበያ ላይ “5.1” ተብለው የሚሸጡት ርካሽ ሲስተሞች ከፊት ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ጀርባቸውን አዙሮ ማየት ግድ ነው። ቀይና ነጭ መሰኪያ ብቻ ያለው፣ ፍላሽ፣ ኤፍኤምና ብሉቱዝ የተጨመረበት ዕቃ ከቴሌቪዥን የሚቀበለው ሁለት መስመር ድምፅ ነው። የቀረውን ራሱ ያባዛዋል። ሙዚቃ ለሚያዳምጥ ሰው ይበቃ ይሆናል፤ ለጌም ግን የስፒከሩ ቁጥር ብቻውን ምንም አይጨምርም። ለኮምፒውተር የተሠሩት ደግሞ አረንጓዴ፣ ጥቁርና ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ሦስት ጃኮች አሏቸው፤ እያንዳንዱ ጃክ ሁለት ሁለት ድምፅ ስለሚይዝ ስድስቱ ይሞላሉ። ችግሩ ቴሌቪዥንም ሆነ ፕሌይስቴሽን እነዚህ ሦስት ቀዳዳዎች የሌሉት መሆኑ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ኦፕቲካል ወይም ኤችዲኤምአይ መግቢያ ያለው፣ ፊቱ ላይ የዶልቢ ዲጂታል ምልክት የተለጠፈበት ነው። ታሽጎ የመጣውን ድምፅ ፈትቶ ለስድስቱ የሚያከፋፍለው ዲኮደር በውስጡ አለ። ከልዋጭ ወይም ከጓደኛ የሚገኝ አሮጌ የዲቪዲ ሆም ቲያትር ጀርባው ላይ “ኦፕቲካል ኢን” የሚል ጽሑፍ ካለው፣ ዲቪዲው ማንበብ ቢያቆምም እንኳ ከብዙ አዲስ ርካሽ ዕቃ ይሻላል። ይህን ጽሑፍ የሌለው የዲቪዲ ሲስተም ዲኮደር ቢኖረውም የሚሠራለት ለራሱ ዲስክ ብቻ ነው።

ኦፕቲካል የሚባለው ገመድ ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1983 ለሲዲ ማጫወቻ ብሎ ያወጣው ነው። የኤሌክትሪክ ምልክት ሳይሆን ቀይ ብርሃን ነው የሚልከው፤ ስለዚህ ሲሰኩት ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን መንቀል፣ ሲዘረጉትም አለመቀልበስ ያስፈልጋል። ሲታሰብ የነበረው ለሁለት መስመር ድምፅ ብቻ ስለሆነ ስድስቱን እንዳሉ መሸከም አይችልም፤ ታሽገው ከመጡ ግን በቀላሉ ያሳልፋቸዋል። እንዲያውም ዲቪዲ ላይ ያለው የዶልቢ ዲጂታል ስድስት ድምፅ ቢበዛ በሰከንድ 448 ኪሎቢት ሲሆን፣ የተራ ሲዲ ሁለት ድምፅ 1,411 ኪሎቢት ይወስዳል። ስድስቱ ታሽገው ከሁለቱ ሲሶ በታች ናቸው ማለት ነው። በአዳዲስ ቴሌቪዥኖች ላይ አንደኛው የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ “አርክ” የሚል ጽሑፍ አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 የመጣ አሠራር ሲሆን፣ በዚያው ገመድ ድምፁ ከቴሌቪዥኑ ወደ ሲስተሙ ይመለሳል፤ ብዙውን ጊዜም በአንድ ሪሞት ድምፅ መጨመርና መቀነስ ይቻላል። ምልክቱ በሌለበት ቀዳዳ ከተሰካ ግን ዝም ይላል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ፕሌይስቴሽኑ ቴሌቪዥኑ ላይ በኤችዲኤምአይ ይሰካል፣ ከቴሌቪዥኑ ኦፕቲካል ገመድ ወደ ሲስተሙ ይሄዳል፣ ሁሉም ትክክል ይመስላል፤ ሆኖም ቴሌቪዥኑ በመሀል ስድስቱን ድምፅ ጨምቆ ሁለት አድርጎ ያወጣቸዋል። የቴሌቪዥኑ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ዲጂታል አውትፑት የሚለውን ከፒሲኤም ወደ ቢትስትሪም ወይም ወደ አውቶ መቀየር አንዳንዴ ይበቃል። ከኤችዲኤምአይ የገባውን ጌም ሁልጊዜ ወደ ሁለት የሚያወርዱ ቴሌቪዥኖችም አሉ። በዚህ ጊዜ ቴሌቪዥኑን ከመሀል ማውጣት ነው መፍትሔው።

ፕሌይስቴሽን 2፣ ፕሌይስቴሽን 3 እና የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 4 በጀርባቸው የራሳቸው ኦፕቲካል ቀዳዳ አላቸው። ሥዕሉ በራሱ ገመድ ወደ ቴሌቪዥን፣ ድምፁ በኦፕቲካል በቀጥታ ወደ ሲስተሙ ይሄዳል፤ ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም። ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ዋናውን የድምፅ መውጫ ኦፕቲካል፣ ዓይነቱን ደግሞ ቢትስትሪም ዶልቢ ማድረግ እንዳይረሳ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 4 ይህ ቀዳዳ ተነሥቶለታል፤ ፕሌይስቴሽን 5ም የለውም። ኤክስቦክስ ዋን ኦፕቲካል ሲኖረው እ.ኤ.አ. በ2020 የመጡት ተተኪዎቹ የላቸውም። ኒንቴንዶ ስዊች ደግሞ ስድስቱን ድምፅ ሳያሽግ ስለሚልክ፣ ቴሌቪዥኑ ራሱ ካላሸጋቸው በቀር በኦፕቲካል ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚያልፉት።

ኦፕቲካል ለሌለው መጫወቻ ከኤችዲኤምአይ ድምፁን ነጥላ የምታወጣ ትንሽ ሳጥን አለች። በአንድ በኩል ኤችዲኤምአይ ይገባባታል፣ በሌላው ሥዕሉ ወደ ቴሌቪዥን፣ ድምፁ ወደ ኦፕቲካል ይወጣል። ጎኗ ላይ ማብሪያ ካላት 5.1 የሚለው ላይ ማድረግ፣ መጫወቻውንም ዶልቢ ላይ ማስቀመጥ ይገባል። ባለ ሦስት ጃኩ የኮምፒውተር ስፒከር ያለው ሰው ደግሞ ተጨማሪ የዲኮደር ሳጥን ያስፈልገዋል፤ ኦፕቲካል ተቀብላ ስድስቱን ድምፅ በየጃካቸው ታወጣለች። ሲገዙ “5.1 ዲኮደር” መሆኗን ማረጋገጥ ነው፤ ተመሳሳይ መልክ ኖሯቸው ቀይና ነጭ ብቻ የሚያወጡ አሉና።

ስለ ዋትም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ካርቶኑ ላይ በትልልቁ የሚጻፈው ባለ አራት አሃዝ ፒኤምፒኦ ምንም የተስማሙበት መለኪያ የለውም። እውነቱ ከጀርባ በተለጠፈው ትንሽ ወረቀት ላይ ነው፤ ከሶኬት 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ ያለማቋረጥ ከ60 ዋት በላይ ድምፅ ሊያወጣ አይችልም። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ከሆነ ያው ወረቀት ሌላ ትልቅ ነገር ይናገራል። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ፣ በ220 ቮልት ሶኬታችን ላይ ያለ ትራንስፎርመር የሰካው ሰው ዕቃውን ወዲያው ያቃጥለዋል። 100–240 የሚል ከሆነ ችግር የለም።

አቀማመጡ ከዋጋው ይበልጣል ብል ማጋነን አይደለም። ከተቀመጡበት ሶፋ ሲታይ ሁለቱ የፊት ስፒከሮች ከመሀል 30 ዲግሪ ያህል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይውጡ፤ የኋላዎቹ 110 ዲግሪ ላይ፣ ማለትም ከጆሮ መስመር ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከጆሮም ጥቂት ከፍ ብለው ይሁኑ። ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሶፋው ግድግዳ ተደግፎ ስለሚቀመጥ ሁለቱን የሶፋው ጎንና ጎን ግድግዳ ላይ መስቀል ይሻላል። ከሶፋው ጀርባ መሬት ላይ የተጣለ ስፒከር ለማንም አይሰማም። መሀለኛው ከቴሌቪዥኑ ሥር ይቀመጥ፤ የሰው ንግግር የሚወጣው በዋናነት ከእሱ ነው። ቤዙ የትም ቢቀመጥ አቅጣጫው አይታወቅም፤ ጥግ ላይ ሲሆን ግን ይጎላል፣ በኮንዶሚኒየም ደግሞ ጎረቤት ቤት ይገባል። ሲስተሙ የማታ አሠራር ካለው ፍንዳታውን ዝቅ፣ ንግግሩን ከፍ ያደርጋል፤ ልጅ ለተኛበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከቤዙ የማያቋርጥ እምምም የሚል ድምፅ ከተሰማ በመብራቱ 50 ኸርዝ የመጣ ነው። ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ማከፋፈያ መሰካት፣ ካልተወው የዲሹን ገመድ ለጊዜው ነቅሎ መሞከር ነው። ኦፕቲካል ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ በእሱ በኩል ይህ ጣጣ አይመጣም። ድምፁን ለማጥፋት ብሎ የመሬት ሽቦውን መቁረጥ ግን ለሕይወት ያሰጋል። ብሉቱዝም ለጌም አይሆንም፤ ኳሷ ከተመታች በኋላ ነው ድምፁ የሚደርሰው።

ሁሉም ከተሰካ በኋላ በሲስተሙ ሪሞት ላይ ያለው የመሞከሪያ ድምፅ ስድስቱንም በየተራ ያሰማል። ይህ የስፒከሮቹን ሽቦ እንጂ ከመጫወቻው የሚመጣውን ድምፅ አያረጋግጥም። ለዚያ የሚሻለው ጌም ከፍቶ፣ ሰው እያወራ ወይም እሳት እየነደደ ባለበት ቦታ ቆሞ፣ ካሜራውን በዝግታ ማዞር ነው። ድምፁ ከፊት ተነሥቶ በጎን አልፎ ከኋላ መምጣት አለበት። ሳይንቀሳቀስ ከቀረ ገመድ ከመነቀሉ በፊት የጌሙ የራሱ የድምፅ ምርጫ ይታይ፤ ስቴሪዮ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።