የወጌሻው ምስክርና የሐኪሙ ፈቃድ

በሐዲያና በከምባታ ገጠር ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ውልቅ ያለበት ሕፃን ሲገኝ፣ ቤተ ሰቡ አስቀድሞ የሚጠይቀው ወጌሻው ከወዴት እንዳለ ነው እንጂ የሥራ ፈቃድ እንዳለው አይደለም፤ ወጌሻው ጥበቡን ከማን እንደ ተማረ፣ የማንን እግር አቅንቶ የማንን እንዳጣመመ መንደሩ በቃል ያውቃልና፣ ጎረቤቱ ሁሉ መዝገብም ዳኛም ሆኖ ይቆምለታል ወይም ይቆምበታል። ይህን የቃል ምስክርነት መንግሥትም አልናቀውም፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1942 የወጣው አዋጅ ቁጥር 27 የባህል ሕክምናን በጤና ላይ ጉዳት እስካላደረሰ ድረስ ሕጋዊ አድርጎ ተቀብሎታል።

ነገር ግን ሆሳዕና ዛሬ መንደር አይደለችም። በቀድሞ ስሟ የተሰየመው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ከየአውራጃው ተማሪ የሚሰበስብባት፣ ከሐዲያ ወጥታ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት በሆነችው በንግሥት እሌኒ ስም የተጠራው ሆስፒታል ሕሙማንን የሚቀበልባት፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ስፍራ መርፌ የሚወጋው ሰው የማን ልጅ እንደ ሆነ ታማሚው አያውቅም፤ የሚያየው ነጭ ጋዋኑን ብቻ ነው፤ ጋዋን ደግሞ ገንዘብ ያለው ሁሉ አሰፍቶ ይለብሰዋል። የጤና ባለሙያን መዝግቦ ፈቃድ የሚሰጥ አካል ያስፈለገው እንግዲህ ጠፍቶ የቀረውን የጎረቤት ምስክርነት በጽሑፍ ለመተካት ነው።

ይህ ሥልጣን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ኖሯል። በ1994 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 76 ተቋቋመ፤ አዋጅ ቁጥር 661/2002 ምግብን፣ መድኃኒትንና ባለሙያን በአንድ ባለሥልጣን ሥር ሰበሰበ፤ በኋላም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ባለሥልጣኑን በምግብና በመድኃኒት ሲወስነው፣ የባለሙያው ጉዳይ ወደ ጤና ሚኒስቴር ተመለሰ። በዚያው በ2011 ዓ.ም. አገር አቀፉ የብቃት ምዘና ፈተና ስለ ተጀመረ፣ ዲግሪውን የያዘ ምሩቅ ፈተናውን ሳያልፍ ፈቃድ አያገኝም፤ ያገኘውንም በየጊዜው ለማሳደስ በሥራ ላይ ሳለ መማሩን ማሳየት ይገባዋል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚስበው ግን በጤና ባለሙያዎች ላይ የሚቀርበውን አቤቱታ የሚመረምረው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ሥራ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2011 እስከ 2013 በፌዴራሉ ኮሚቴ የታዩት አቤቱታዎች 60 ሲሆኑ፣ ጥፋት ወይም ቸልተኝነት የተረጋገጠው በ14ቱ ነበር። ይህን ሰምቶ ሐኪም ለሐኪም ያደላል የሚል አይጠፋም፤ እኔ ግን ሞት ሁሉ የሐኪም ጥፋት እንዳልሆነ መርምሮ መናገርም የኮሚቴው ግዴታ ነው ባይ ነኝ። ጥፋቱ የታወቀበት ባለሙያ ከማስጠንቀቂያ ጀምሮ እስከ ፈቃድ መታገድና መሰረዝ ይቀጣል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ወጌሻው ሲያጠፋ በደጁ ይከሰሳል፣ የሾኔ ወይም የሺንሺቾ ገበሬ ግን በሐኪም የደረሰበትን በደል በጽሑፍ አስረድቶ፣ ካርዱን አስወጥቶ፣ የማያውቀውን ቢሮ ሊያስስ ነው፤ ስለዚህ አብዛኛው ቅሬታ በለቅሶ ቤት ተነግሮ በዚያው ይቀራል።

በዱራሜም ሆነ በሆሳዕና ወደ ግል ክሊኒክ የሚገባ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያስተውል፤ በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ የሚታየው ወረቀት ብዙውን ጊዜ የክሊኒኩ ፈቃድ ነው፤ መርፌውን የያዘው ሰው ፈቃድ ሌላ ነው፣ እሱንም ጠይቆ ማየት ነውር አይደለም።