ቤት ለምትማር ልጅ ፕሪስኩል ያስፈልጋታል?

ልጄ 3 ዓመት ከመንፈቅ ሆናታል። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ለትምህርት ስትደርስ ቤት ልናስተምራት እኔና ባለቤቴ ከወሰንን ቆይተናል። እኔ ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ቅዳሜና እሑድ ነው። እሱ ሥራ የሚገባው በአዘቦት ቀን ነው። ከደብረ ብርሃን የመጣችው እናቴም አብራን ስለምትኖር ቤታችን ሰው አያጣም። ያልተቋጨልን እስከ 5 ዓመቷ ያለው ጊዜ ነበር። ወዳጆቻችን ሁለት ቦታ ተከፈሉ። ገሚሶቹ «ለኋላው ቤት ካስተማራችኋት አሁን ለምን ገንዘብ ታወጣላችሁ?» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ኧረ ከልጅ ጋር ትላመድ፣ ሰው ፈሪ ሆና እንዳታድግ» ይላሉ። ሁሉም ለልጄ አስበው ነው። እኔ ግን መልሱን ያገኘሁት ማንም ካላነሣው ነገር፣ ከቋንቋዋ ነው።

ሕጉን ላስቀድም። በቨርጂኒያ የመማር ግዴታ የሚጀምረው እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 5 ዓመት ለሞላው ልጅ ነው። ከዚያ በታች ያለ ልጅ ቤት ቢውል ጠያቂ የለውም፤ ለማንም ማሳወቅ አያስፈልግም። 5 ዓመት ሲሞላው፣ ቤት የሚያስተምር ወላጅ እስከ ኦገስት 15 ድረስ ለአካባቢው የትምህርት ኃላፊ ማስታወቂያ ያስገባል። ለማስተማር ብቃቱ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀበት ዲፕሎማ ካለው እሱ ይበቃዋል። ሜሪላንድም ግዴታው በ5 ዓመት ይጀምራል። ዋሽንግተን ዲሲ ለ3ና ለ4 ዓመት ልጆች ነጻ ፕሪኬ (የመንግሥት ፕሪስኩል) አላት፤ መላክ አለመላክ ግን የወላጅ ፈቃድ ነው። አውሮፓ ያላችሁ ግን የየአገራችሁን ሕግ ቀድማችሁ እዩ። በፈረንሳይ ግዴታው ከ2019 ጀምሮ በ3 ዓመት ይጀምራል፤ በጀርመን ደግሞ ልጅን ቤት ማስተማር በጥቅሉ ክልክል ነው።

ወደ ጥናቶቹ ስንመጣ፣ ፕሪስኩል ይጠቅማል የሚል ሁሉ የሚጠራው በ1962 በሚሺጋን ግዛት፣ ይፕሲላንቲ በምትባል ከተማ የተጀመረውን የፔሪ ፕሪስኩል ጥናት ነው። ከድሃ ቤተሰብ የመጡ 123 ጥቁር ሕፃናት ለሁለት ተከፈሉ፤ ገሚሶቹ ገቡ፣ ገሚሶቹ አልገቡም። ተመራማሪዎቹ ልጆቹን 40 ዓመት እስኪሞላቸውና ከዚያም በኋላ ተከታተሏቸው። የገቡት የተሻለ ገቢ አገኙ፤ በፖሊስ የመያዝ ዕድላቸውም ያነሰ ሆነ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። የማይወራው ሌላው ገጽ ነው። እነዚያ አስተማሪዎች ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ካስተማሩ በኋላ፣ በየሳምንቱ የእያንዳንዱን ልጅ በር እያንኳኩ ከእናትየው ጋር ተቀምጠው ያስተምሩ ነበር። የጥናቱ ውጤት የክፍሉ ብቻ አይደለም፤ የሳሎኑም ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ጥናቶች አንድ ቃል አይናገሩም። የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቴነሲ ወደ 3,000 የሚጠጉ ልጆችን ተከታትለው በ2022 ባወጡት ውጤት፣ የመንግሥት ፕሪኬ የገቡት ልጆች 6ኛ ክፍል ሲደርሱ ቦታ ካላገኙት ያነሰ ነጥብ አመጡ። በቦስተን ግን የመንግሥት ፕሪኬ ለመግባት ዕጣ የወጣላቸው ልጆች በፈተና ባይበልጡም ኮሌጅ የመግባት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው፦ ልጁ እዚያ ባይሄድ የት፣ ከማን ጋር፣ ምን ሲያደርግ ይውል ነበር? ወላጅ መጀመሪያ ለራሱ መመለስ ያለበት ይህን ነው።

ለእኛ ለስደተኞች ደግሞ ሌላ አለ። በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ታስተምር የነበረችው ሊሊ ዎንግ ፊልሞር በ1991 ያወጣችው ጥናት ከ1,000 በላይ የሚሆኑ፣ ቤታቸው ውስጥ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ቤተሰቦችን የጠየቀ ነው። ልጆቻቸውን በእንግሊዝኛ ብቻ ወደሚያስተምር ፕሪስኩል የላኩ ቤተሰቦች ውስጥ የቤቱ ቋንቋ ቶሎ እየተተወ፣ ወላጅና ልጅ መነጋገር እያቃታቸው ሄደ። የ3 ዓመት ልጅ አፍ ገና አልጠናም። በዚያ ዕድሜ ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ የሰማ ልጅ፣ ማታ የሚጠብቀውን አማርኛ ደካማ ሆኖ ያገኘዋል።

ይህን ለማመን እኛ ጥናት አያሻንም። አንዲት ጓደኛዬ ቤት ራት ላይ ነበርን። ሴት አያትየው ጉርሻ ጠቅልለው «ና የኔ ጌታ፣ ይቺን ብቻ» ሲሉት፣ የ6 ዓመቱ ልጅ ፊቱን ሳያዞር «አይ አም ፉል» አለ። ጨዋ ልጅ ነው። አያቱ የተናገሩትንም ሰምቷል። ግን የሚመልስበት ቃል የለውም። አያቱ ጉርሻውን እጃቸው ላይ እንደያዙ ወደ እናቱ ዞረው «ምን አለ?» አሉ። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ልወስን ስል አንድ ፕሪስኩል ሄጄ ጠዋቱን ተቀምጬ አየሁ። ጥሩ ቤት ነው። አስተማሪዋ ልጆቹን የምታናግረው ተንበርክካ፣ ዓይን ለዓይን እያየች ነው። ልጄ መጀመሪያ ጃኬቴን አላወልቅም ብላ ቀሚሴን ጨብጣ ቆመች። ከዚያ የውሃ ገንዳውን ስታይ እኔንም ረሳችኝ። አንድ ልጅ ማንቆርቆሪያውን እስኪጨርስ ጠብቃ ተቀበለች። ይህ ተራ መጠበቅ ቤት ውስጥ ብዙ የማታገኘው ነገር ነው፤ አልክደውም። መደርደሪያው ላይ ልጆች በየቀለማቸው እየለዩ የሚቆጥሯቸው የፕላስቲክ ድቦች ነበሩ።

በማግስቱ እናቴ ምስር ስትለቅም ልጄ አጠገቧ ቁጭ አለች። ሰፌዱ የአያቷ ጭን ላይ ነው። «እቴቴ፣ ይቺስ?» «እሷ ጠጠር ናት፣ አውጫት። ያቺ ገለባ ናት፣ እፍ በያት።» ያወጣቻቸውን ጠጠሮች ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደርድራ እስከ ሰባት ቆጠረች፤ ከዚያ ስምንትን ዘላ ዘጠኝ ስትል አያቷ መልሳ አስጀመረቻት። መለየት፣ መቁጠር፣ መታገሥ፣ የሚሏትን መስማት ሁሉም እዚያው ሰፌድ ላይ ነበር። ድቦቹ የማይሰጧት ጠጠርና ገለባ የሚለው ቃል፣ ከቃሉም ጋር አያቷ ናት።

ስለዚህ ልጄ ቤት ትቆያለች። ተራ መጠበቁን ከሌላ ቦታ እንፈልግላታለን፦ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ነጻ የተረት ሰዓት፣ ከመጫወቻ ሜዳው፣ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ። እንግሊዝኛው አይቀርባትም፤ መንገዱም፣ ሱቁም፣ ቴሌቪዥኑም እንግሊዝኛ ነው።

ግን ይህ ለሁሉም ቤት አይሆንም። አባትም እናትም ሁለት ሥራ የሚሠሩበት፣ ልጁ ስልክ ይዞ የሚውልበት ቤት ከሆነ፣ ጥሩ ፕሪስኩል ይሻለዋል፤ በኋላ ቤት ልታስተምሩት ብታስቡም እንኳ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነባቸው ቤተሰቦች ከ1965 ጀምሮ የሚሠራው ሄድ ስታርት ነጻ ነው፤ ለመጠየቅ አትፈሩ። ከቻላችሁ ግማሽ ቀኑን ምረጡ፣ ማታ ማታ ደግሞ ሳትታክቱ በአማርኛ አውሩት።

አንድ ነገር ግን ልጃችሁን ብትልኩም ባትልኩም አትርሱ። ልጁ የሚናገረው ካነሰባችሁ፣ ወይም አነጋገሩ ለቤተሰቡ እንኳ የማይገባ ከሆነ፣ «ሁለት ቋንቋ ስለሆነበት ነው» ብላችሁ አትተዉት። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን አያዘገይም። 3 ዓመት ከሞላው የአካባቢያችሁ የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተዳደር፣ ልጁ የትም ባይመዘገብም፣ በነጻ የመመርመር የሕግ ግዴታ አለበት፤ አገልግሎቱ «ቻይልድ ፋይንድ» ይባላል። ምርመራው በሚችለው ቋንቋ እንዲሆንለት ጠይቁ፤ አስተርጓሚ እንፈልጋለን በሉ። 5 ዓመት እስኪሞላው አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ደውሉ።